ደብዳቤውን ፎቶ አታድርጉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ አነስተኛ የአረጋውያን መርጃ ማኅበር ውስጥ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ሥራዬ በየወሩ ለደጋፊዎቻችን የሚላከውን የኢሜይል ዜና መጽሔት ማዘጋጀት ነው። ብዙዎች ኒውስሌተር ይሉታል። 640 ያህል ሰው ይደርሰዋል። ግማሹ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ የቀረው ዋሽንግተን አካባቢ፣ ስቶክሆልምና ዱባይ ያለ ወገናችን ነው። በጋዜጣችሁ በኩል የእኔን ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ዕድሮችን፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችንና የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን አንድ ነገር ልለምን ፈልጌ ነው። እባካችሁ፣ ደብዳቤያችሁን ፎቶ አድርጋችሁ አትላኩ።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጉለሌ ይኖራሉ። ከጡረታቸው ላይ በየወሩ 300 ብር ይሰጡናል፤ አንድም ወር አስተጓጉለው አያውቁም። የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ ልዩ ዕትም አዘጋጀን። አንድ ዲዛይን የሚችል ልጅ ካንቫ በሚባለው የዲዛይን መሥሪያ ቆንጆ ፖስተር ሠራልን። ቄጠማው፣ የእናቶቹ ፎቶ፣ ጽሑፉ፣ ሁሉም ተዋህዶ አንድ ምስል ሆነ። ላክነው። በማግስቱ ጋሼ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ባዶ ወረቀት እኮ ነው የላክሽልኝ» አሉ።

ቤታቸው ሄድኩ። ስልካቸውን ሰጡኝ። ከላይ የማኅበራችን ስም አለ። ከሥሩ ነጭ ገጽ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ግራጫ ሳጥን። ሌላ ምንም የለም። ለካ ልጃቸው የኢንተርኔት ጥቅሉ ቶሎ እንዳያልቅባቸው ብሎ ጂሜይሉ ሳይጠይቅ ምስል እንዳያወርድ አድርጎላቸዋል። ምስሉን ከፈትኩላቸው። መጣ፤ ግን ፊደሉ ከጤፍ አይበልጥም። ለኮምፒውተር ስፋት የተሠራ ፖስተር በስልክ ተጨምቆ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና በሁለት ጣታቸው ያሰፉት ጀመር። አንዱን መስመር ለመጨረስ ገጹን ወደ አንድ ጎን መጎተት፣ ቀጣዩን ለመጀመር መልሶ መጎተት ሆነ። ሦስተኛው መስመር ላይ ተዉት። «አንቺው አንብቢልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የተጻፈው እኮ የእሳቸው ገንዘብ ምን እንደሠራ ነበር። ለማን እንደጻፍኩት ያን ቀን ገባኝ፤ አንጀቴን በላው።

ልማዱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሮ አማርኛ በኮምፒውተር ሲጻፍ እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው። ተቀባዩ ያው ሶፍትዌር ከሌለው የሚያየው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ነው። ስለዚህ ሰው ጽሑፉን ስካን አድርጎ ወይም ምስል አድርጎ ይልክ ነበር። ያኔ ትክክል ነበር። ነገር ግን ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በየሰው እጅ ያለው ስማርት ስልክ አማርኛ ያነባል። ምክንያቱ ከቀረ ቆይቷል፤ ልማዱ ግን አልለቀቀንም።

ጽሑፍ ጽሑፍ ሆኖ ሲሄድ ጋሼ ፊደሉን እንደፈለጉ ያጎሉታል፤ መስመሩም ከስልካቸው ስፋት ጋር ራሱ ይታጠፋል። 500 ቃል የሚሆን አማርኛ 10 ኪሎባይት እንኳ አይሞላም። ያ ፖስተር ከ2 ሜጋባይት በላይ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ «ያ የዓይን ሕክምና ዘመቻ መቼ ነበር?» ብሎ ፍለጋ ውስጥ የሚጽፍ ሰውም ያገኘዋል። ፎቶ ውስጥ የተቀበረ ቃል ግን አይገኝም።

ዲዛይነሮች «የስልኩ ፊደል አያምርም» ይሉኛል። እውነት ነው፣ የመረጣችሁት ፊደል በኢሜይል አብሮ አይሄድም ማለት ይቻላል። ጂሜይል ላይ ተቀባዩ የሚያየው በመሣሪያው ላይ ያለውን ፊደል ነው። ቢሮ ውስጥ አውትሉክ የሚባለውን የኢሜይል ፕሮግራም የቆየውን የዊንዶውስ ዓይነት የሚጠቀሙ ደጋፊዎች ደግሞ አሉ። እሱ ከ2007ቱ ዕትሙ ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በማይክሮሶፍት ወርድ፣ በጽሑፍ ማዘጋጃው ፕሮግራም፣ ሞተር ስለሆነ የተወሳሰበ አቀማመጥ ይፈርሳል። እኔ አሁን የምሠራው በአንድ ዓምድ ነው። ስፋቱ 600 ፒክስል፣ አንድ ቀለም፣ ትልቅ ርዕስ፣ በመስመሮቹ መካከል በቂ ክፍተት፣ አንድ ጥሩ ፎቶ። ከፎቶው ጋር ምስሉ ባይከፈት የሚታይ አጭር መግለጫ እጽፋለሁ፦ «እማማ በአዲሱ አልጋቸው ላይ»። በቃ። ያምራል፣ እውነቴን ነው።

አንድ የተቸገርኩበትን ልጨምር። ከፖስተሩ በኋላ ጽሑፉን በወርድ አዘጋጅቼ እንዳለ ገልብጬ ለጠፍኩት። በዓይን ሲታይ ንጹሕ ነው። ከኋላው ግን ወርድ መዓት ኮድ አብሮ ያስገባል። ጂሜይል ደግሞ የደብዳቤው ኮድ ከ102 ኪሎባይት ሲያልፍ የቀረውን ቆርጦ «ሙሉውን ለማየት» የሚል ሊንክ ያስቀምጣል። የባንክ ሒሳብ ቁጥራችን የነበረው ከታች ነው። ተቆረጠ። ደብዳቤው እንዳይላክለት የሚፈልግ ሰው ከዝርዝሩ የሚወጣበት ሊንክም አብሮ ተቆረጠ። አሁን መጀመሪያ ምንም ቅርጽ በሌለው ኖትፓድ ላይ እለጥፋለሁ፤ ከዚያ አንሥቼ ነው ወደ ኢሜይል መላኪያው አገልግሎት የምወስደው። የሒሳብ ቁጥሩንም ወደ ላይ አውጥቼዋለሁ።

ስም ላይም ተጠንቀቁ። የመላኪያ አገልግሎቶቹ የተሠሩት ለፈረንጅ ስም ነው። «የመጨረሻ ስም» በሚለው ቦታ የአባት ስም ሞላሁ። ቴምፕሌቱ (ዝግጁ የደብዳቤ ቅጹ) ደግሞ ሰላምታ የሚሰጠው በመጨረሻ ስም ነበር። ደብዳቤው ሁሉ ለደጋፊዎቻችን አባቶች ሄደ። አንዲት እህት «አባቴ ካረፉ ዓመት ሊሆናቸው ነው፣ ስማቸውን ሳይ ደነገጥኩ» ብላ ጻፈችልኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ወዲህ የሰላምታውን ቃል ለብቻው በአንድ ዓምድ ይዣለሁ፦ ጋሼ እገሌ፣ እትዬ እገሊት፣ ዶክተር እገሌ። 640ውን በእጄ ነው የሞላሁት። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ፤ አልቆጭም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ባለፈው ዓመት አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት የሁላችንንም አድራሻ «ለ» የሚለው ቦታ ላይ ደርድሮ ላከልን። ድርጅቱ የሚሠራው በሕሙማን ዙሪያ ነው። ከተቀባዮቹ መካከል ታካሚዎችም ነበሩ። መታመማቸውን ለቤተሰብ እንኳ ያልነገሩ ሰዎች ስማቸው ተዘርዝሮ ወጣ። ከዚያ አንዱ ለሁሉም መልስ ሰጠ፣ ሌላው ቀጠለ፣ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲጎርፍ ዋለ። በግል ጂሜይል ከተላከ ቢያንስ አድራሻዎቹ አንዱ የሌላውን በማያይበት በስውር ቅጂ (BCC) ይግቡ፤ እሱም ቢሆን ነጻው ጂሜይል በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አያስኬድም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይሄ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የሕግም ነው።

ብዙ ሰው ጋ የምትልኩ ደግሞ ሌላም አለባችሁ። እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ጉግልና ያሁ ጥብቅ ሆነዋል። በራሳችሁ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻው ከ@ በኋላ በሚመጣው የራሳችሁ ስም) ካልላካችሁና በስማችሁ ማን መላክ እንደሚችል ዶሜይኑ ላይ ካላስመዘገባችሁ ደብዳቤያችሁ ስፓም ውስጥ ሊገባ ይችላል። ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉት ለዚሁ ናቸው። ዶሜይኑን የሸጠላችሁን ሰው ጠይቁት፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ለሚልክ በአንድ ንክኪ ከዝርዝሩ መውጫ ማስቀመጥም ግዴታ ነው። እኛ ትንሽ ብንሆንም አስቀምጠናል። ካልሰጠነው ሰው የሚጫነው «ስፓም» የሚለውን ነው። ከ1,000 ሰው ሦስቱ ይህን ካደረጉ ጉግል የማይፈቅደው ደረጃ ላይ ደረሳችሁ ማለት ነው። መውጣት ለፈለገ በሩን ክፈቱለት፣ አትቀየሙት።

ጋሼን ልንገራችሁ። ባለፈው ወር የላክነውን ስልካቸው ላይ ምስሉ ሳይከፈት፣ ፊደሉን አጉልተው፣ ብቻቸውን አንብበው ጨረሱት። በዚያው ቀን ማታ መልስ ጻፉልኝ። ከሁለተኛው አንቀጽ አንድ መስመር ገልብጠው ለጥፈዋል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ ዓመት በዓይኑ ዐ ነው የሚጻፍ።» አስተካክዬ አስቀምጬዋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ ከአዲስ አበባ