በጉማሬና በውሃ መካከል አትቁሚ፤ ደብዳቤ ለልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽም የጉልበት ሕመም ቀለል ብሎላታል። በስልክ ልነግርሽ የምችለውን በጽሑፍ ያደረግሁት፣ በስልክ ስቆጣሽ ዝም ስለምትዪና ዝምታሽ አንጀቴን ስለሚበላው የጀመርሁትን ሳልጨርስ ስለምተወው ነው። አክስትሽ እሑድ ዕለት ደውላልን ነበር። ጎሕ ሲቀድ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ስትራመድ፣ ከመንገዱ ራቅ ባለው ቄጠማ ውስጥ በደረትሽ ተኝተሽ፣ ካሜራሽን ወደ ውሃው አነጣጥረሽ እንዳየችሽና ብትጣራም እንዳልሰማሻት ነገረችን። እናትሽ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ልጄ፣ በጉማሬና በውሃ መካከል አትቁሚ። ተቀምጠሽም ተኝተሽም እዚያ አትገኚ። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ የሚውለው ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ነው፤ ሲመሽ ይወጣል፣ ሌሊቱን ሣር ሲግጥ ያድርና ሊነጋ ሲል ወደ ሐይቁ ይመለሳል። አንቺ ብርሃኑ ለስላሳ ነው ብለሽ የምትመርጪው ሰዓት እሱ ወደ ውሃው የሚገባበት ሰዓት ነው፤ የተኛሽበት ቄጠማም መተላለፊያው ሊሆን ይችላል። ውሃው መሸሸጊያው ስለሆነ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋበትን ሁሉ እንደ ጠላት ያየዋል፤ ያን የሚያህል ገላ ተሸክሞም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሮጥ ካሜራ በአንገትሽ አንጠልጥለሽ አታመልጪውም። አፉን በሰፊው ሲከፍት ያዛጋ መስሎሽ ለፎቶው ደስ ብሎሽ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን «ራቁ» እያለ ነው።

ለምን እንደምትጠጊ አውቃለሁ። ከካሜራው ጋር አብሮ የተሸጠልሽ ሌንስ ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ሐይቁ መሐል ያለችውን ወፍ እንደ ነጥብ አሳንሶ ነው የሚያሳይሽ። ስለዚህ ሌንሱ ያላቀረበልሽን በእግርሽ ልትቀርቢው ትሞክሪያለሽ። አጎትሽ ወንድም ጋሼም ያደረገው ይህንኑ ነበር።

የአጎትሽን እግር ታስታውሻለሽ። ልጆች ሆናችሁ ለምን እንደሚያነክስ ስትጠይቁት «መኪና ነው» ብሎ ያልፋችሁ ነበር። መኪና አልነበረም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አዳማን ናዝሬት እያልን በምንጠራበት ዘመን፣ የሶቭየት ሥሪት የሆነች ዜኒት ካሜራ ነበረችው፤ ሌንሷ 58 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን ማቅረብም ማራቅም አትችልም ነበር። በአንድ ፊልም ላይ 36 ፎቶ ብቻ ስለሚነሣ አንዱንም በከንቱ አያባክንም። የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ፍጥነትና በምን ያህል የሌንስ ክፍተት እንዳነሣ በደብተር ይጽፍና ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ከደብተሩ ጋር እያስተያየ የቱ እንደተበላሸና ለምን እንደተበላሸ ይመረምር ነበር። የተማረው እንዲሁ ነው፤ አስተማሪ አልነበረውም። በሳምንቱ መጨረሻ ባቡር ጣቢያው፣ ገበያው፣ የጋሪ ማቆሚያው ሁሉ የእሱ ትምህርት ቤት ነበር። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ግን ሶደሬን ነበር፤ ፍል ውሃውን ሳይሆን ከሥሩ የሚያልፈውን አዋሽን።

አንድ ቀን ሲመሻሽ እኔ ቦርሳውን ይዤ ከበላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ እሱ ወንዙ ውስጥ ያለ ጉማሬ አፉን እስኪከፍት ድረስ ከውሃው ዳር ተንበርክኮ ይጠብቅ ነበር። አንዱ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ ሌላው ካሜራው ላይ ነው። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ከፊቱ ካለችው ትንሽ መስኮት ውጭ ያለው ዓለም እንደሚጠፋበት አንቺም ታውቂዋለሽ። ቀደም ብሎ ለግጦሽ ወጥቶ የነበረ ሌላ ጉማሬ፣ ምን እንዳስደነገጠው እንጃ፣ ከኋላው ከሣሩ ውስጥ ወደ ውሃው ተመለሰ። አንድ ዘበኛ ጮኸ፤ ወንድም ጋሼ ዞር ከማለቱ ጉማሬው ገፍትሮት ወደ ውሃው አለፈ። ድንጋዩ ላይ ወድቆ የጭኑ አጥንት ተሰበረ። ነፍሱን እግዚአብሔር አተረፈለት፣ ካሜራዋም ምንም አልሆነችም። እሱ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ወደ ዓይኑ አላነሣትም። እስኪያርፍ ድረስ ከቁም ሣጥኑ ላይ በጨርቅ እንደተጠቀለለች ኖረች።

እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የእግሩ ነገር ብቻ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ፎቶ የሚያነሣ ሌላ ሰው ስላልነበረ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ባዶ ናቸው። አያትሽ የሸበተችበት፣ አንቺን ያቀፈችበት፣ ከበር ላይ ተቀምጣ ጥጥ የምትፈትልበት አንድ ምስል የለንም። ባረፈች ጊዜ ለለቅሶው ያስቀመጥነው ከመታወቂያዋ ላይ አስፍተን ያሳተምነውን የደበዘዘ ፎቶ ነበር፤ የራሷ ልጆች እንኳ «ይህቺ እሷ አይደለችም» አልን። ስለዚህ ካሜራሽን አስቀምጪ ልልሽ አልችልም። አታስቀምጪ። በጉማሬና በውሃ መካከል ግን አትቁሚ።

አሁን ባለሽ ሌንስ ቅረቢኝ የሚሉሽን አንሺ። አሞራ ገደል ባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ የሚበልቱት ሰዎች፣ መረብ የሚጠግኑት ወጣቶች፣ ጀልባዎቹ፣ ከሰው እጅ ሥር ትራፊ የሚለቅሙት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ሁሉ በ55 ሚሊ ሜትር ይበቁሻል። ሰውን አስቀድመሽ አስፈቅጂ። ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ወደ ውሃው ስትዞሪ ፀሐይ ከጀርባሽ ትሆናለች፤ ፊትም ላባም በደንብ ይታያል። የላክሽልን የዓሣ አጥማጁ ፎቶ ፊቱ የጠቆረው ግን ወደ ማታ ከጀርባው ፀሐይና የሚያብረቀርቅ ውሃ ስላለ ነው፤ ካሜራው ብርሃኑ በዛ ብሎ ሲቀንስ ሰውየው ጨለመ። እንዲህ ባለ ጊዜ ብርሃን ማስተካከያውን አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ወደ ላይ አድርገሽ ሞክሪና ሁለቱን አስተያዪ። ወንድም ጋሼ በደብተር ይጽፈው የነበረውን የአንቺ ካሜራ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ራሱ ይመዘግብልሻልና ማታ ማታ እሱን ሳታዪ አትተኚ።

ያቺ ጥቁርና ነጭ ዓሣ አዳኝ ወፍ ያማለለችሽ እንደሆነም እናትሽ ነግራኛለች። እሷን ፍለጋ ቄጠማ ውስጥ መግባት አያስፈልግሽም፤ በጀልባ ማቆሚያው እንጨቶችም ላይ ታርፋለች። ከመወርወሯ በፊት ክንፏን እያርገበገበች አየር ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም ለጀማሪ ከንስር ይልቅ ትቀላለች። የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት 1/1600 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ አድርጊ፣ ጠዋት ብርሃኑ ካነሰ አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርጊው፤ ትንሽ ቢሻክር ከደበዘዘ ይሻላል። ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ፣ ሰው ባለበት፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆመሽ ጠብቂያት። ለበዓል ስትመጪ ደግሞ እዚህ አዳማ ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች አሉልሽ፤ ክንፋቸውን በ1/1000 አቁመሽ፣ በ1/15 አደብዝዘሽ ስትለማመጂ እኔም አብሬሽ እቆማለሁ።

እስከ 300 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ያገለገለ ሌንስ ካገኘሽ ግማሹን እኔ እከፍላለሁ። ሳታዪው ብር አትላኪ። የስልክሽን መብራት በአንድ በኩል አብርተሽ በሌላው በኩል ተመልከቺ፤ ከመስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ከታየሽ ሻጋታ ነውና ተዪው። በቅርብም በሩቅም ፎከስ ማድረጉን በራስሽ ካሜራ ፈትኚ። ረጅም ሌንስ ገዛሁ ብለሽ ደግሞ ወደ ቄጠማው እንዳትመለሺ። በጉማሬና በውሃ መካከል አትቁሚ፤ ይህን በእናትሽም ስም እጽፍልሻለሁ።

አክስትሽ ዘንድ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያት፤ ስትጣራ እንዳልሰማሻት እንጂ እንዳልናቅሻት ከአፍሽ ትስማ። ቅዳሜ ከመውጣትሽ በፊት ከማን ጋርና ወዴት እንደምትሄጂ ለእሷ ንገሪ፣ ስትመለሺም ደውዪልን። ለዝናቡ ወፍራም ፌስታል ይበቃልና ለካሜራው መሸፈኛ የሚሆንሽን ከቡናው ጋር አብረን በሰው እንልክልሻለን።

አባትሽ፣
ከአዳማ