ጉዳዩ፦ ስለተሰጠኝ የባትሪ ምርመራ ውጤት የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ ስል ባትሪውን የመረመራችሁልኝ እናንተ ናችሁ። ቴክኒሻናችሁ ማሽኑን ሰካ፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠበቅን፣ ወረቀት ወጣ፦ የባትሪው ጤንነት (አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው አሁን የሚይዘው) 93 በመቶ። እንዴት እንደታወቀ ስጠይቅ «በማሽን ለርኒንግ ነው፣ አይሳሳትም» ተባልኩ፤ ኮምፒውተሩ ከሌሎች ባትሪዎች መረጃ ተምሮ ይገምታል ማለት ነው። በዋጋው የተስማማሁት ያንን ወረቀት አምኜ ነው።

ባለፈው ወር እናቴን ይዤ ከአዳማ ስመለስ፣ ቢሾፍቱን እንዳለፍን 26 በመቶ የነበረው ቻርጅ በአንድ ጊዜ 14 ሆነ። ኤሲውን አጥፍቼ፣ ቀኝ መስመር ይዤ፣ ልቤ ተንጠልጥሎ ቱሉ ዲምቱ ደረስኩ። እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ዳዊቷን ትደግም ነበር።

ከዚያ ራሴ ለካሁት። ባትሪው አዲስ ሳለ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ነው። ቤቴ 10 በመቶ ላይ ሰክቼ እስከ 100 ስሞላው ቻርጀሩ የቆጠረው 43 ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ያው ነው። ሲሞላ ምንም አልባከነም ብንል እንኳ ሙሉው 48 ገደማ ይሆናል፤ ይህም 80 በመቶ ነው። የሚባክነው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል። ታዲያ 93 ከየት መጣ?

የእኔ ባትሪ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ነው። ግማሽ ሲሆንም ሩብ ሲቀረውም የአንዱ ሴል (ባትሪው ከተገጣጠመባቸው ትንንሽ ክፍሎች የአንዱ) ቮልቴጅ 3.2 እና 3.3 አካባቢ ነው። በ10 ደቂቃ ምን ያህል እንደደከመ ከዚህ መለየት ከባድ ነው። ማሽናችሁ የሚጠቀምበት ሞዴል (የግምት ፕሮግራም) ደግሞ የሚገምተው ከተማረው ተነስቶ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ኔቸር ኢነርጂ በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው የታወቀ ጥናት 124 ሴሎችን ሙቀቱ በተስተካከለ ላቦራቶሪ ውስጥ ፈትኖ ዕድሜያቸውን ተንብዮ ነበር። እነዚያ ተመራማሪዎች እንኳ ትንበያቸው በአማካይ 9.1 በመቶ እንደሚሳሳት በግልጽ ጽፈዋል። የእናንተ ወረቀት ላይ ግን «ግምት» የሚል ቃል እንኳ የለም። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው። ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ብር የሚያወጣው በዚያች ቁጥር ነው።

ስለዚህ ባትሪው እኔ ባለሁበት፣ ያለ ክፍያ፣ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶና ተራግፎ ይለካልኝ። ሞዴላችሁ በምን ዓይነት ባትሪ እንደሠለጠነና ምን ያህል እንደሚሳሳት በጽሑፍ ስጡኝ። ልኬቱ የእኔን ካረጋገጠ የምርመራውን ክፍያ መልሱልኝ፤ ለሻጩ የማሳየው የተስተካከለ ውጤትም በማኅተም ይሰጠኝ።

የሦስቱን ቀን የቻርጀር ንባብ ፎቶ አያይዣለሁ። መኪናውን የማመጣበትን ቀን አሳውቁኝ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ