በአመክሮ ለወጣው የሰፈራችን ልጅ

ውድ የእድራችን አባላት፣

ባለፈው ወር ከማረሚያ ቤት በአመክሮ የወጣውን ልጃችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙን እዚህ አልጽፍም።

አመክሮ፣ ማለትም የእስር ጊዜው ሳያልቅ በቅድመ ሁኔታ መፈታት፣ ምሕረት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንደሚለው፣ ታራሚው ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት መጨረስ አለበት። ጠባዩም መታረሙ ይታያል። ከወጣ በኋላ የፈተና ጊዜ አለበት፤ ግዴታውን ካፈረሰ ተመልሶ ሊታሰር ይችላል።

ታዲያ ሥራ የሚሰጠው፣ ዋስ የሚሆነው ከሌለ በምን ይቁም? ማረሚያ ቤት ሳለ አናጢነት ተምሯል። ሥራ ሲጠይቅ ግን “የት ነበርክ?” ይሉትና ይመልሱታል። ይሄ በጣም ያመኛል። በር፣ መስኮት፣ ቁምሳጥን የምታሠሩ እባካችሁ እሱን ጥሩት። ዋስ መሆን የምትችሉ እስከ ቅዳሜ ንገሩኝ። ልጆቹ ፊት ደግሞ ያለፈውን አታንሱበት።

የእድሩ ጸሐፊ