ለአነስተኛ ኮምፒውተር ኩለር ሲመረጥ ቁመቱ ብቻ አይበቃም

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው ሰሞን በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ አነስተኛ የቤትና የቢሮ ኮምፒውተሮች አገጣጠም ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አንብቤዋለሁ። ስለ መብራት ፍጆታ፣ ስለ ቦታ ቁጠባና ስለ ዋጋ የቀረበው ሐተታ ሚዛናዊ ስለሆነ የምጨምርበት የለኝም። በተለምዶ ኩለር የምንለውን የፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል) ማቀዝቀዣ በተመለከተ ግን ጸሐፊው ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ውስጥ በቁመት የሚገባ ማንኛውም አጭር ኩለር ይበቃል በሚል ማሳሰቢያ አልፈውታል። ኮምፒውተር በመገጣጠምና በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ትንንሽ ኮምፒውተሮችን ይዘው ወደ እኔ የሚመጡ ደንበኞች አብዛኛው አቤቱታ የሚነሳው ከዚሁ ዓይነት ምክር በመሆኑ ጉዳዩ ሰፋ ተደርጎ እንዲታይ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከአመራረጡ ቅደም ተከተል ነው። ገዢው በመጀመሪያ ዓይኑ የወደደውን ትንሽ ኬዝ ይመርጣል፤ ቀጥሎ ኪሱ የፈቀደለትን ጠንካራ ፕሮሰሰር ይገዛል፤ ኩለሩን የሚያስበው በመጨረሻ፣ በተረፈችው ገንዘብ ነው። በትልቅ ኬዝ ይህ አካሄድ ብዙም አይጎዳም፤ 150 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ቁመት ያለው ኩለር ስለሚገባ ርካሹም ቢሆን ሥራውን ይወጣል። ለኩለር የተተወው ቦታ ከ40 እስከ 70 ሚሊሜትር በሆነበት ኬዝ ግን የትኛውን ፕሮሰሰር መግዛት እንደሚቻል የሚወስነው ኩለሩ ነው። ስለዚህ ኬዙ እንደታወቀ ወዲያው ኩለሩ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ኩለሩ የሚችለው ፕሮሰሰር ሊመረጥ ይገባል እላለሁ።

የአስሮክን ዴስክሚኒ ኤክስ300 እንውሰድ። ሁለት ሊትር እንኳ የማይሞላው ይህ ሳጥን ለኩለር የሚተወው ቁመት 46 ሚሊሜትር ነው። የኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል9ኤ የተባለው ኩለር 37 ሚሊሜትር ስለሆነ በምቾት ይገባል፤ የተርማልራይት ኤኤክስፒ90-ኤክስ47 ግን 47 ሚሊሜትር በመሆኑ በአንዲት ሚሊሜትር ይቀራል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የተሻለ ሙቀት የማውጣት አቅም ስላለው ገዢው ቢመኘው አያስደንቅም። ነገር ግን ዕቃውን ከቡር ዱባይ የኮምፒውተር ሱቆች በመንገደኛ ሻንጣ ያስመጣ ወይም አሜሪካ ባለ ዘመዱ ያስገዛ ሰው፣ አልገጠመም ብሎ የሚመልስበት ሱቅ የለውም። ውጭ አገር ያለ ገዢ ሞክሮ መመለስ ይችላል፤ እኛ ከመግዛታችን በፊት መለካት አለብን።

ጽሑፋችሁ ያልነካው፣ ለአዲስ አበባ አንባቢ ግን ከሁሉም በላይ ይጠቅማል የምለው ጉዳይ የከተማችን ከፍታ ነው። በኢንተርኔት የምናያቸው የኩለር ፍተሻዎች በአብዛኛው የሚሠሩት ከባሕር ወለል ብዙ ከፍ በማይሉ ከተሞች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ የክፍሉ ሙቀት እኩል ከሆነም አየሩ በዚያው ልክ የሳሳ ነው። ማራገቢያው በደቂቃ ያንኑ ያህል ይዞራል፣ ያንኑ ያህል ሊትር አየርም ይገፋል፤ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ያለው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ግን ከኩለሩ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ላይ ወስዶ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። በከተማችን ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ እንዲፈላና ባቄላ ቶሎ አልበስል እንዲል የሚያደርገው ይኸው ዝቅተኛ ግፊት ነው። በኩለሩ የመዳብ ቱቦዎች ውስጥ ያለው ፈሳሽስ በከፍታ አይለወጥም ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ፤ ቱቦዎቹ በፋብሪካ አየራቸው ተስቦ የታሸጉ ስለሆኑ የውጭው ግፊት አያገኛቸውም። ጉዳቱ ያለው ከብረቱ ወደ አየሩ በሚሸጋገረው ሙቀት ላይ ብቻ ነው።

ይህ በቁጥር ምን ያህል እንደሚሆን በግምት ላስቀምጥ። አንድ አጭር ኩለር በባሕር ወለል አጠገብ በተደረገ ፍተሻ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር 50 ዲግሪ በላይ አድርጎ ይይዘዋል እንበል። ከዚህ ውስጥ 20ው ዲግሪ ሙቀቱ በፕሮሰሰሩ ክዳን፣ በቴርማል ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል በሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) እና በመዳቡ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠር ልዩነት ቢሆን ከፍታው አይነካውም። ቀሪው 30 ዲግሪ ግን በአዲስ አበባ በአንድ አምስተኛ ወይም ትንሽ አለፍ ባለ መጠን ይጨምራል። እንግዲህ በጠቅላላው ከ6 እስከ 8 ዲግሪ ጭማሪ አለ ማለት ነው። ከፍተኛ ጭነት ላይ 85 ዲግሪ ደረሰ ተብሎ የተጻፈ ኩለር፣ የክፍሉ ሙቀት እኩል ቢሆን፣ በእኛ ከተማ 91 ወይም 93 ይደርሳል፤ ብዙዎቹ የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ፍጥነታቸውን መቀነስ የሚጀምሩት 95 ዲግሪ ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ አይቃጠልም፤ ራሱን ለማዳን ይዘገያል፣ ማራገቢያውም ሙሉ ጉልበቱን ሰጥቶ ይጮሃል። ደንበኛው ኮምፒውተሬ አዲስ ሆኖ ሳለ ለምን ይንቀራፈፋል ብሎ ይዞት የሚመጣው ያኔ ነው።

እርግጥ ነው፣ የከተማችን ቅዝቃዜ ከፍታው የወሰደብንን በከፊል ይመልስልናል፤ በክረምት ከሰዓት በኋላ 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ችግሩ ላይታይ ይችላል። ያንኑ ኮምፒውተር ወደ ድሬዳዋ ይዞ የሚሄድ ሰው ከፍታው ወደ 1,200 ሜትር ስለሚወርድ አየሩ ይጠነክርለታል፤ የክፍሉ ሙቀት ግን ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ያገኘውን ከነጭማሪው ይመልሳል። በሁለቱም ከተማ ቢሆን የውጭውን ፍተሻ ቁጥር እንዳለ ተቀብሎ መግዛት አያዋጣም።

ሌላው ወጥመድ በፕሮሰሰሩ መግለጫ ላይ የሚነበበው 65 ዋት የሚለው ቁጥር ነው። የኢንቴል ኮር አይ5-12400 መነሻው 65 ዋት ይሁን እንጂ ጭነት ሲበዛ እስከ 117 ዋት እንዲወስድ ኩባንያው ራሱ ፈቅዶለታል። ኮር አይ7-12700ም መነሻው ያው 65 ዋት ነው፤ ጣሪያው ግን 180 ዋት ነው። በኤኤምዲ በኩል 65 ዋት የሚባሉት ራይዘን ፕሮሰሰሮች በተለመደው አሠራር እስከ 88 ዋት ይስባሉ። ስለዚህ 65 ዋት ይችላል የተባለ ኩለርና 65 ዋት ነው የተባለ ፕሮሰሰር በወረቀት ላይ ሲጋቡ የተስማሙ ቢመስሉም፣ ቪዲዮ በሚቀናበርበት ወይም ከባድ ጌም በሚከፈትበት ሰዓት ስምምነቱ ይፈርሳል። ሻጮች ይህን የማይነግሩን ደብቀውን አይመስለኝም፤ ብዙዎቹ ራሳቸውም አያውቁትም።

መፍትሔው ግን ቀላልና ገንዘብ የማይጠይቅ ነው። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው የመሠረታዊ ቅንብር ገጽ) ውስጥ ገብቶ ፕሮሰሰሩ የሚወስደውን የዋት ጣሪያ ማውረድ ይቻላል። በራይዘን 5 5600ጂ ላይ ከ65 ወደ 45 ዋት የሚያወርደው ምርጫ በብዙ ማዘርቦርዶች (ፕሮሰሰሩ በሚሰካባቸው ዋና ሰሌዳዎች) ይገኛል፤ በኢንቴልም የረጅምና የአጭር ጊዜ ጣሪያዎቹን 65 ዋት ላይ ማሰር ይቻላል። ሰነድ ለሚጽፍ፣ የሂሳብ ሰንጠረዥ ለሚሞላና ኢንተርኔት ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም፤ ረዥም ሥራ ላይ ብቻ ጥቂት መዘግየት ይኖራል። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ተጨማሪ ደቂቃዎች ማቆየቱም የማይናቅ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ሚሊሜትሩ ልመለስ። በኩለር መግለጫ ላይ የሚጻፈው ቁመት የሚለካው ከፕሮሰሰሩ የላይኛው ገጽ እስከ ማራገቢያው ጫፍ ነው፤ የኬዙም ቁጥር ከዚያው ገጽ እስከ ጎን መዝጊያው ያለው ርቀት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች መመጣጠናቸው ብቻውን በቂ አይደለም። ማራገቢያው ወደ መዝጊያው በተጠጋበት ቦታ መዝጊያው ቀዳዳ ያለው ከሆነ ቀዝቃዛ አየር በቀጥታ ከውጭ ስለሚስብ እንዲያውም ጥሩ ነው። ድፍን ቆርቆሮ ወይም መስታወት ከሆነ ግን ማራገቢያው ይታፈናል። በተቃራኒው በማራገቢያውና በቀዳዳው መዝጊያ መካከል 20 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ሲተው፣ ከኩለሩ የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ በዚያው ክፍተት ይገባና መልሶ ይሳባል። በዚህ ጊዜ ከስፖንጅ የተቆረጠ ቀለበት በማራገቢያው ዙሪያ ማድረግ ብዙ ይረዳል። ማረጋገጫውም አያስቸግርም፦ ኮምፒውተሩን በከባድ ሥራ ላይ አድርጎ በመጀመሪያ መዝጊያው እንደተገጠመ፣ ከዚያ መዝጊያውን አንስቶ ሙቀቱን ማንበብ ነው። መዝጊያው ሲነሳ ሙቀቱ ብዙ ከወረደ ጥፋቱ የኩለሩ ሳይሆን የአየር መንገዱ ነው፤ ሌላ ኩለር መግዛት አያስፈልግም።

እንደ ፍራክታል ቴራ ባሉ ኬዞች የመሃሉ ግድግዳ ስለሚንቀሳቀስ የኩለሩ ቦታ ከ48 እስከ 77 ሚሊሜትር ይለዋወጣል፤ ወፍራም ግራፊክስ ካርድ የሚያስገባ ሰው ከኩለሩ ድርሻ እየቀነሰ መሆኑን ማወቅ አለበት። ባለ 92 ሚሊሜትር ማራገቢያ ኩለሮች በአብዛኛው በራሙ (በጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው) ላይ አይዘረጉም። ባለ 120ዎቹ ግን ራሙን ስለሚሸፍኑ 31 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ሽፋን የሌለው ራም ይፈልጋሉ፤ ባለ መብራቱና ባለ ረጅም ሽፋኑ ራም እዚህ ቦታ የለውም።

አገልግሎት ላይ የዋለ ኩለር ለሚገዙ ደግሞ የማሰሪያው ቀዳዳ ርቀት ወሳኝ ነው። የቀድሞው የኢንቴል ፕሮሰሰር መሰኪያ የኤልጂኤ1200 ቀዳዳዎች በ75 ሚሊሜትር ርቀት የተቀመጡ ሲሆኑ የኤልጂኤ1700ዎቹ 78 ሚሊሜትር ናቸው፤ ያለ ትክክለኛው ማሰሪያ አንዱ በሌላው ላይ አይቀመጥም። በኤኤምዲ በኩል የቀድሞው መሰኪያ የኤኤም4 ኩለር ሁሉ በአዲሱ መሰኪያ በኤኤም5 ላይ ይሠራል የሚባለው ወሬም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም፤ ለኤኤም4 የተሠራው ኤንኤች-ኤል9ኤ ከማዘርቦርዱ ጀርባ የራሱን ሰሌዳ ስለሚፈልግና የኤኤም5 የጀርባ ሰሌዳ ስለማይነሳ አይገጥምም።

ስለ አቧራ ጥቂት ልበል። አጭር ኩለር በትንሽ ቁመት ብዙ ገጽ ለማግኘት ሲባል የአሉሚኒየም ቅጠሎቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። በበጋ ወራት ኮብልስቶን በሌለው መንገድ ዳር ባለ ቢሮ የቆየ ኮምፒውተር ሲከፈት ከላይ ማራገቢያው ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ አራቱን ብሎኖች ፈትቶ ማራገቢያውን ሲያነሱት ግን በቅጠሎቹ ላይ እንደ ግራጫ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አቧራ ይገኛል። ከላይ በብሩሽ መጥረግ ወደ ውስጥ ስለሚጠቀጥቀው ማራገቢያውን አንስቶ ከታች ወደ ላይ አየር መንፋት ይሻላል። ማራገቢያው ሳይነሳ አየር የሚነፋ ከሆነም በእጅ ተይዞ እንዳይሽከረከር መደረግ አለበት። በዚህ ምክንያት ማራገቢያው በቀላሉ የሚፈታ ኩለር ከማይፈታው እመርጣለሁ፤ በተለይ 14 ወይም 15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ስስ ማራገቢያ ሲበላሽ ምትኩ በገበያችን እንደ ባለ 25ቱ በየሱቁ ስለማይገኝ።

በውሃ የሚሠራውን ኩለር እንደ አማራጭ የሚያነሱ አሉ። እሱም ቢሆን ሙቀቱን በመጨረሻ የሚያራግፈው በዚያው የሳሳ አየር ላይ ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ደግሞ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? ለቤትና ለቢሮ ሥራ አልመክረውም።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። የኩለር ቦታው ከ40 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ጣሪያው ወደ 45 ዋት የወረደ ፕሮሰሰር፤ 47 ሚሊሜትር የሚገባ ከሆነ በ65 ዋት የታሰረ ባለ ስድስት ኮር (የማስሊያ ክፍል) ፕሮሰሰር፤ ወደ 70 ሚሊሜትር የሚጠጋ ቦታ ካለና እንደ ኖክቱዋ ኤንኤች-ኤል12ኤስ ያለ ባለ 120 ሚሊሜትር ማራገቢያ ኩለር ከተገኘ ብቻ ባለ ስምንት ኮሩን በ88 ዋት ማሠራት። የውጭ አገር ገምጋሚዎች ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይመክራሉ፤ እነርሱ ከ2,300 ሜትር በላይ አልሞከሩትም።

ጋዜጣችሁ በዚህ ዓምድ በድጋሚ በሚመለስበት ጊዜ ከኮምፒውተር ዋጋ ዝርዝር ጎን የኩለሩን ቁመት በሚሊሜትርና የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ዋት አብሮ እንዲያወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ። አስመጪዎችና ሻጮችም በካርቶኑ ላይ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በአማርኛ ቢለጥፉ ወጪው የአንዲት ተለጣፊ ወረቀት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
አዲስ አበባ