የቀድሞ አከራይህን ስልክ ስጠኝ

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ አንድ ወጣት የድሬዳዋ አከራዮች ቤት ሊያይ የመጣን ሰው እንደ ወንጀለኛ ይመረምራሉ ብሎ ያማረረበትን ደብዳቤ አነበብኩ። እኔ ሳቢያን ውስጥ ሰርቪስ ክፍሎች የማከራይ ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ጥያቄ አበዛለሁ፤ ስለ እኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። ልጁ ግን በከፊል እውነቱን ነው።

ብሔርህ ምንድን ነው? ሃይማኖትሽስ? ለምን አላገባሽም? ማታ ስንት ሰዓት ትገቢያለሽ? እንዲህ የሚሉ አከራዮች አሉ፤ እኛ ሰፈርም ሞልተዋል። ነውር ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 25 ላይ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ነውርነቱን እንኳ ብንተወው፣ ምን ሊጠቅም ነው? የወር ኪራዩን በብሔሩ የከፈለ ሰው አላየሁም። ድሬ ደግሞ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰላት ወዲህ ያልመጣባት ሰው የለም። የብዙዎቻችን አያቶች ከሌላ አገር ሻንጣ ይዘው የወረዱ ናቸው።

ጭራሽ አትጠይቁ በሚለው ግን አልስማማም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ በኋላማ ጥያቄው የግድ ሆኗል። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ይሆናል፤ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ድሮ «የስድስት ወር ቅድሚያ አምጣ» ይባል ነበር። ካልተስማሙ ደግሞ «በወሩ መጨረሻ ልቀቅ» ብለው ይገላገሉት ነበር። ይሄ መቅረቱ ለተከራዩ እሰየው ነው፤ ስንቱ ቤተሰብ በየስድስት ወሩ ዕቃውን ሲሸከም አይቻለሁ። ለእኛ ግን ሰውን ማወቂያ ጊዜው ከመፈራረማችን በፊት ያለችው ጥቂት ቀን ብቻ ናት።

እኔ ታዲያ መጀመሪያ የምጠይቀው የአከራይ ስልክ ነው። አሁን ያለበትን አከራይ ቃል ብዙም አላምንም። ተከራዩ እንዲለቅለት የቸኮለ ሰው መልአክ አድርጎ ነው የሚያወራለት። ከዚያ በፊት የነበረበትን ቤት ባለቤት ነው የምፈልገው፤ እሱ የሚደብቀው ነገር የለውም። ስደውልም «ጥሩ ሰው ነው?» አልልም። እንዲህ ከተጠየቀ «ጥሩ ነው» ይላል፣ ሌላ ምን ይበል? «ሲለቅ የመብራት ዕዳ ነበረበት? ቁልፉንስ በእጅህ ነው ያስረከበህ?» እላለሁ። አንዱ ትንሽ ዝም አለና «ቁልፉን ሱቅ ትቶልኝ ነው የሄደው እትዬ፣ እኔ ቤት እያለሁ» አለኝ። በቃ፣ አመስግኜ ዘጋሁት።

ቀጥሎ ሥራውን እጠይቃለሁ። የሥራ ደብዳቤ ማንም ያሠራል፤ ስለዚህ እዚያው ሄጄ አያለሁ። ድሬ ሰፊ አይደለችም፣ ባጃጅ ያደርሳል። ደመወዙ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ግን ሰው አልመልስም፤ ከኪራዩ ተርፎ የሚበላበት ይኑረው እንጂ። የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችን ብዙ አከራይ ይፈራል። እኔ ቤት ግን አንዱ አለ፤ መንገድ ላይ ሆኖ እንኳ ኪራዩን በቴሌብር ይልክልኛል። ወንደላጤን ሁሉ ጠጪ፣ ልጅ ያላትን ሁሉ ጯሂ ማድረግም እንዲሁ ነው።

ቤቱን ሲያዩ ደግሞ እነሱ የሚጠይቁኝን አዳምጣለሁ። ቧንቧውን ከፍቶ የሚያይ፣ የውሃ ማፍያው ላይ የተጋገረውን ነጭ ነገር አይቶ «ውሃው እንደዚህ ድንጋይ ያበዛል እንዴ?» የሚል፣ ቆጣሪው ለብቻ ይሁን የጋራ፣ ምጣዱ የት እንደሚሰካ የሚያጣራ ሰው ሊኖር ነው የመጣው። ሁሉንም «ይሁን፣ ይሁን» እያለ ለቁልፉ እጁን የሚዘረጋውን እጠረጥረዋለሁ። ጎረቤቴ እንዲህ ያለውን ሰው ሸሚዙ ስለተተኮሰ ብቻ አስገባው። ያመጣው ደላላ ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄደ። ሰውዬው በጋራ ቆጣሪ ቀን ከሌት ምድጃ ሲያነድ ከረመና አንድ ሌሊት ፍራሹን በባጃጅ ጭኖ እብስ አለ። ደላላው ሲጠየቅ «እኔ ቤት አገናኘሁ እንጂ ሰውዬውን መቼ ወለድኩት?» አለ። እውነቱን ነው፣ ምን ይደረጋል።

መታወቂያም አያለሁ። ፋይዳ ካለው ፋይዳውን፣ ከሌለው የቀበሌውን። ለውሉ የሚሆን ኮፒ እወስድና ዋናውን እመልሳለሁ። ዋናውን መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፉ አከራዮች ግን ምን እያሰቡ ነው? ሰውዬው ባንክ በምን ሊገባ ነው?

ያ ወጣት ቤት ፈልጎ ሳቢያን ብቅ ካለ የሁለት አከራዮቹን ስልክ ይዞ ይምጣ። እኔም ከእኔ ግቢ የለቀቁትን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጠዋለሁ። ክረምት ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ፣ ውሃ በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ፣ የእኔን ንጭንጭም ጭምር እነሱ ይንገሩት።

አክባሪያችሁ፤
ጡረተኛዋ መምህርት፣ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ