ይድረስ ለወንድሜ፦ ገመዱ ደጃችን ደርሶ ቆሟል

ጀሞ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ፤ ባለህበት ዱባይ።

እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልህ «እኅቴ አንድ ነገር ቸግሯት መሆን አለበት» ብትል አልቀየምህም፤ ቸግሮኛልና። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። የጠፋሁበትን ምክንያት ሳልነግርህ ደብዳቤውን አልዘጋም፤ አሁን ግን እንቅልፍ የነሳኝን ጉዳይ ላስቀድም፤ ከአንተ በቀር አንጀቴን የሚያርስ መልስ የሚሰጠኝ ሰው አላገኘሁም።

ካለፈው ሚያዝያ ጀምሮ ግቢያችን ፋይበር፣ ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣው ቀጭን የመስታወት ገመድ፣ ገብቶለታል። ገብቶለታል ስልህ ግን ለእኩሌታው ነው። በዋናው አስፋልት በኩል ያሉት ብሎኮች በሙሉ አግኝተዋል፤ ከሕፃናት መጫወቻው ወዲህ ያለነው አምስት ብሎኮች አላገኘንም። የመጨረሻዋ ግራጫ ሳጥን የተሰቀለችው ከእኛ ፊት ለፊት ባለው ብሎክ ግድግዳ ላይ ሲሆን፣ ከማእድ ቤቴ መስኮት ቆሜ ክዳኗን አያታለሁ። ከሳጥኗ የወጣ ጥቁር ገመድ በግቢው መካከል ወደቆመው ምሰሶ ተዘርግቶ፣ እዚያ እንደ እንጀራ ማስቀመጫ እየዞረ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ በጥቁር ፕላስተር ታሽጎ በሽቦ ታስሯል። ከምሰሶው እስከ ደረጃችን መግቢያ በእግሬ ለካሁት፤ 43 እርምጃ ነው። በውቅያኖስ ሥር አቋርጦ በጅቡቲ በኩል አገር የሚገባው ብርሃን ይህን ሁሉ ሺህ ኪሎ ሜትር መጥቶ ለ43 እርምጃ ሲቀር መቆሙ ነው ሌሊት ሌሊት የሚያገላብጠኝ።

ልጄን የምታውቃት የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለች ነው። አሁን ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ከእኔ በልጧል፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሆናለች፤ ክረምቱ ሲገባ ብሔራዊ ፈተናዋን ትወስዳለች። ሒሳብ ስትወድ ብታያት! የምታስጠናት መምህርት እንደ እርሷ መስማት የተሳናት ስትሆን፣ ልጄ በሕይወቷ ሒሳብን በራሷ ቋንቋ ያገኘችው ከዚህች ሴት ብቻ ነው። መምህርቷ ዓምና በባለቤቷ ሥራ ምክንያት ወደ ሐዋሳ ተዛወረች። እንዲህ እንደ እርሷ የምታስረዳ ሌላ ሰው እዚህ ብንፈልግ ስላጣን፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ይገናኛሉ።

እዚህ ላይ ሰዎች የማይረዱኝን ነገር አንተ ትረዳኛለህ ብዬ እተማመናለሁ። አንተና እኔ ስልክ ላይ ስናወራ ድምፁ ቢቆራረጥ ጆሯችን የጎደለውን እየሞላ ይሰማል፤ ምስሉ ቢጠፋም ወሬው ይቀጥላል። ለእርሷ ግን ምስሉ ራሱ ንግግሩ ነው። በምልክት ቋንቋ የእጁ ቅርጽ፣ የሚያርፍበት ቦታ፣ የሚሄድበት አቅጣጫና የፊት ገጽታው ሁሉ ትርጉም ያዘሉ ስለሆኑ፣ እጁ በእንቅስቃሴ ላይ ሳለ ምስሉ ቀጥ ካለ ቃሉ ራሱ ተቆርጦ ይቀራል። በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሃያ ያህል ምስል ካላለፈ ደግሞ ፈጣን ምልክት ይደበዝዛል። ከዚያም በላይ፣ እርሷም መልሳ በእጆቿ መናገር አለባትና፣ ከእኛ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው ምስል ከሐዋሳ እንደሚመጣው ሁሉ ጥራት ሊኖረው ይገባል። አሮጌው የመዳብ መስመራችን ሲሠራም ከመላክ ይልቅ ለመቀበል የተመቸ ስለነበር አልሆነላትም፤ አሁንማ ዝናብ ሲዘንብ ጭራሹን ይጠፋል። የሞባይል ዳታውም ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሠፈሩ ሁሉ ከሥራ ገብቶ ስልኩን በሚከፍትበት ሰዓት፣ ይንቀራፈፋል፤ ደግሞም ቪዲዮ የሚበላው ብር ከወር ደመወዜ ጋር አልገጥም ብሎኛል።

ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ትምህርቷን እንደጨረሰች ነው ይህን የምጽፍልህ። ከፊት ለፊቱ ብሎክ ያሉት ደግ ጎረቤታችን የዋይፋያቸውን የይለፍ ቃል ሰጥተውናል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ቤታችን ውስጥ አይደርስም፤ የሚያዘው በሁለተኛው ፎቅ ደረጃ መታጠፊያ ላይ፣ በክፍት መስኮቱ በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄ ጋቢ ተከናንባ፣ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ትማራለች። የደረጃው አምፖል ከተቃጠለ ስለሰነበተ፣ በጨለማ ደግሞ እጅ ስለማይታይ፣ የሚሞላውን የባትሪ መብራት ከእጀታው ጋር በገመድ አስሬላታለሁ። ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር ተነሥታ ወንበሯን ትሰበስባለች። የጥቅምትን ብርድ ታውቀዋለህ፤ ዛሬ ጣቶቿ ደንዝዘው በትንፋሿ እያሞቀች ስትመልስ አየሁ።

ከሁሉ ያሳመመኝን ልንገርህ። ዛሬ መምህርቷ አንድ እኩልታ እያብራራች ሳለ እጇ ደረቷ ላይ እንደተነሣ ምስሉ ቆመ፤ ፊቷም በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበታተነ። ልጄ «ድገሚልኝ» አለቻት። ተደገመ፤ እዚያው ላይ ደግሞ ቆመ። ለሁለተኛ ጊዜ አስደገመቻት፤ አሁንም ቆመ። በመጨረሻ «ገባኝ» ብላ ራሷን ነቀነቀች። እኔ ግን እናቷ ነኝ፤ ሳይገባት ራሷን የምትነቀንቅበትን ሁኔታ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በሰዎች መካከል ተቀምጣ ሁሉም ሲስቅ፣ እንዳታስቸግር ብላ አብራ የምትስቅበት አኳኋን ነው። ከዚህች ከአንዲት መምህርት ጋር ብቻ እንዲህ አድርጋ አታውቅም ነበር።

የሚመለከተው ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። በመጀመሪያው ቀን «ተመዝግበው ይጠብቁ» ተባልኩ፤ በሁለተኛው «ሳጥኑ ላይ ፖርት ሞልቷል» አሉኝ፣ የገመድ መሰኪያ ቦታ የለም ለማለት ነው፤ በሦስተኛው ደግሞ «የእናንተ ብሎኮች በዕቅድ ውስጥ አሉ» የሚል መልስ አገኘሁ። ያነጋገረኝ ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን ሦስቱ መልሶች ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የትኛው እንደያዘን ሳናውቅ በምን ላይ እንጠይቅ? ሰው እኮ ቀን ከተቆረጠለት ይጠብቃል። ለመጋቢት ቢሉኝ እስከ መጋቢት የምናደርገውን እናቅዳለን፤ ሐዋሳ ሄዳ መምህርቷ ዘንድ እንድትቀመጥም እልካታለሁ። ቀን የሌለው ተስፋ ግን እጅና እግር ያስራል፤ በየሳምንቱ «ምናልባት በሚቀጥለው» እያልኩ ሰባት ወር ሊሞላኝ ነው።

እንግዲህ የማስቸግርህ እዚህ ላይ ነው። አንተ ያለህበት አገር ፋይበርን በየቤቱ በማዳረስ ከዓለም ግንባር ቀደም መሆኑን፣ አንተም በየቀኑ ይህን መስታወት ስትቀጥል እንደምትውል አውቃለሁ። ድሮ በረንዳችን ላይ ተቀምጠህ፣ ከጣቢያው የሚነሣው አንድ ቀጭን መስታወት በመንገዱ ላይ ኤሌክትሪክ በማይፈልግ ማከፋፈያ ብርሃኑ ለ32 ወይም ለ64 ቤት እንደሚከፈል በወይራ ቅርንጫፍ አስመስለህ አስረድተኸኝ ነበር። ያን ጊዜ ለጨዋታ ያህል ሰምቼው ነበር፤ ዛሬ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። ስለዚህ ንገረኝ፦ «ፖርት ሞልቷል» ማለት ሳጥኗ ውስጥ ብቻ ሞልቷል ማለት ነው፣ ወይስ ከጣቢያው የሚመጣው ራሱ አልቋል? ሌላ ማከፋፈያ መጨመር ከባድ ሥራ ነው? ምሰሶው ላይ የተጠቀለለው ገመድ ወደ እኛ እንዲሻገር ታስቦ የተተወ ነው፣ ወይስ ለጥገና የሚተርፍ ብቻ? ጫፉ ሲከፈት ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ እያልክ ከምትቆጥራቸው ክሮች ውስጥ ያልተያዘ መኖሩን ከውጭ ማወቅ ይቻላል?

የነዋሪዎች ኮሚቴያችን ማመልከቻ አዘጋጅቷል፤ ከአምስቱ ብሎኮች 87 አባወራዎችና እማወራዎች ፈርመዋል። ከምሰሶው እስከ ብሎኮቻችን ቱቦ የሚቀበርበትን ጉድጓድ በራሳችን ገንዘብና ጉልበት ለማስቆፈር ተስማምተናል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር በየአውራ ጎዳናው ሁሉ ገመድ መሬት ውስጥ ሲገባ ስላየን፣ ቱቦውን አስቀድመን ብንቀብር ሥራው ይቀልላቸዋል ብለን አስበናል። ይህ ሐሳብ የሚረባ ከሆነ የቱቦው ስፋትና የጉድጓዱ ጥልቀት ምን ያህል ይሁን? ደግሞስ የት የት ላይ መፈተሻ ጉድጓድ እንተው? ማመልከቻውን ሰኞ ሳምንት ስለምናስገባ፣ እስከዚያ ሁለት መስመር ብትጽፍልኝ ይበቃኛል። ረቂቁን ፎቶ አንሥቼ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ እያሰመርክ እንድታርመው፣ ያ የነጠላ ሰረዝ ፍቅርህ እስካሁን ካልለቀቀህ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ሸሸሁት ነገር ልመለስ። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። የእማማ ቀብር ዕለት፣ ከሥራ ፈቃድ ተከልክለህ፣ «ቢያንስ አፈር ስትለብስ ልያት» ብለህ ስትለምነኝ፣ ስልኬን ከፍ አድርጌ ከሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ነበር። ፍትሐቱን አየህ። ሣጥኑ ሲወርድ ምስሉ ቆመ። አንተ «እየታየኝ አይደለም፣ እየታየኝ አይደለም» ስትል ድምፅህ ይሰማኝ ነበር፤ እኔም ስልኩን ወዲያና ወዲህ ሳዞር፣ ዳታውን ዘግቼ ስከፍት፣ ሁሉ ነገር አለቀ። ቀና ስል አበባ እየተቀመጠ ነበር። ያን ዕለት ማታ ስትደውልልኝ ማንሣት አቃተኝ። በማግሥቱም አቃተኝ። ከዚያ ቀኑ ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር እየሆነ ሄደ፤ «አሁንማ ምን ብዬ» የሚለው ሐሳብም እየከበደ መጣ። ጥፋቱ የኔትወርኩ እንጂ የእኔ እንዳልሆነ ሰው ሁሉ ይነግረኛል። አንተ ግን አደራውን የሰጠኸው ለእኔ ነበር። ዛሬ ልጄ ከቆመ ምስል ፊት ዝም ብላ ስትቀመጥ ሳይ፣ አንተም በዚያ በኩል ብቻህን ምን እያየህ እንደነበር ታየኝ። ብዕሬን ያነሣሁትም ለማመልከቻው ብቻ ብዬ አይደለም።

መቃብሯን በየወሩ እጎበኛለሁ። ባለፈው መስከረም አደይ አበባ አስቀምጬላታለሁ። ፎቶውን ላክልኝ ካልከኝ እልክልሃለሁ፤ ካልጠየቅከኝ ግን እንዳላሳዝንህ እፈራለሁ።

ልጄ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ስምህን በጣቶቼ ፊደል በፊደል ልነግራት ስል አስቆመችኝና፣ የግራ እጇን አንጓ በቀኝ ጣቷ ሦስት ጊዜ ዞረችው፤ በዚያ በልደታው ግቢ ሳለን ከስልክ ገመድ ትርፍራፊ፣ ከቀዩና ከሰማያዊው ሽቦ፣ አምባር ትሠራላት አልነበር? ያኔ ያወጣችልህ ስም እርሱ ነው፤ እስከ ዛሬ ሌላ አልተካችበትም። አምባሩም አለ፤ አሁን ስለጠበባት የቁልፏ ማንጠልጠያ አድርጋዋለች። «ሰላም በይልኝ፣ ሳጥኗንም ጠይቂልኝ» ብላለች።

እስከ ሰኞ ሳምንት መልስህን እጠብቃለሁ። ከደወልክ ደግሞ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መስመሩ ይሻላል፤ አነሣለሁ።

እኅትህ