ባድመን «ባድማ» አታድርጓት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጋዜጣችሁ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ድንበር ነገር ባነሳ ቁጥር ባድመን ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ ያለባት ጠፍ መሬት እያስመሰለ ማለፉ ስለከነከነኝ ነው የምጽፈው። ስሟ ለአማርኛ ጆሮ «ባድማ» ይመስላል፤ ለቀልድ ይመቻል። ባድመ ግን ባድማ አልነበረችም።

ሜዳው መጀመሪያ በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩት የኩናማ ብሔረሰብ ሰዎች ነው። በኋላ በንጉሡ ዘመን ከደጋው ትግራይ የወረዱ ገበሬዎች ሰፈሩበት፤ ማሽላና ሰሊጥ አበቀሉ። ብዙዎቻችን ስሟን የሰማነው በ1990 ዓ.ም. ጥይት ሲተኮስ ስለሆነ ታሪኳም ያኔ የጀመረ ይመስለናል።

የጠቡ ሥር ሩቅ ነው። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ከጣሊያንና ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ውል ድንበሩን በወንዝ ስም ነው የሚጠራው፦ ከሰቲት ተነስቶ በማይቴብ በኩል እስከ መረብ። ማይቴብ የትኛው ወንዝ ነው? እዚህ ላይ ከመቶ ዓመት በኋላ ዘ ሄግ ላይ ጠበቆች ተሟግተውበታል። በመሃል የአሥር ሺዎች ሕይወት አልፏል። ግንቦት 4 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ ጦር ገባ፤ የካቲት 1991 በ«ዘመቻ ፀሐይ ግባት» እኛ መልሰን ያዝናት።

ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ጦርነቱን በዘጉበት በአልጀርሱ ስምምነት የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ሲፈርድ ቡና ቤት ተቀምጬ ነበር። ባድመ ለኢትዮጵያ መወሰኗ በዜና ተነገረና ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ምን ልዋሽ። ፍርዱ ውስጥ ግን ባድመ በየትኛው ወገን እንደዋለች በስሟ የሚናገር ቃል አልነበረም። በዓመቱ ኮሚሽኑ ራሱ መንደሯ ከመስመሩ ወዲያ፣ ኤርትራ በኩል እንደሆነች ግልጽ አደረገ። ያን ዕለት ቡና ቤቱ ጭጭ አለ።

ኮሚሽኑ ላይ ብዙ መፍረድ ይከብደኛል። ስምምነቱ በድሮዎቹ ውሎችና በዓለም አቀፍ ሕግ ወስን እንጂ ለሰው በሚመች መንገድ አስታርቅ አላለውም። መስመሩ መንደር ቢሰነጥቅም ያው መስመር ነው። የሚያናድደኝ የኛው ነገር ነው። መንግሥት ግንቦት 2010 ፍርዱን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ሲል፣ እዚያ የሚኖረው ገበሬ ዜናውን የሰማው እንደኔው ከሚዲያ ነው። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሳ ደግሞ የኤርትራ ጦር ያዛት። እናንተም ማን እንደያዛት ጻፋችሁ። አራሹ የት እንደገባ ግን አልጻፋችሁም።

በ1990ዎቹ ጦርነት ጊዜ ከኤርትራ በኩል ተሰደው ትግራይ ውስጥ ሽመልባ የስደተኞች መጠለያ የገቡ ኩናማዎች ነበሩ፤ ከነሱም አሜሪካ የደረሱ አሉ። ሽመልባም ራሱ በኋለኛው ጦርነት ወደመ። በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ባድመ ስትጽፉ ካርታውን ብቻ አትዘርጉ። ለባድመ ቅርብ የሆነችው የትግራይ ከተማ ሽራሮ ድረስ ወርዳችሁ ማሳው የማን እንደነበር ጠይቁ። መውረድ ካቃታችሁም አሜሪካ ያሉት ስልክ ያነሳሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ